የጥፍር ቀለሜና የባሌ መኪና

ባሌን ሠራተኞቹ «ማኅተሙ» ይሉታል። ፊት ለፊቱ አይደለም፣ ዘወር ሲል ነው። ስሙ የወጣለት በእኔ የጥፍር ቀለም ምክንያት ስለሆነ ነገሩን ለማውራት ከእኔ የቀረበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የእኔ የሴቶች ፀጉር ቤትና የእሱ ጋራዥ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እሱ ጋ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ እኔ ጋ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። እኔ ጋ ደንበኞቼ ሲስቁ ደግሞ እሱ ግድግዳውን አንኳኩቶ «በማን ነው የምትስቁት?» ይላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሩን ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱን ይወዳል፣ የሰው ዕቃ አይነካም፣ ለደንበኛ የተናገረውን ቀን ያከብራል። ግን ማመን አልፈጠረበትም። ዳቦ ሲገዛ ባለሱቁ ፈገግ ካለ ዳቦውን ገልብጦ ያየዋል። ሊያገባኝ ጠይቆኝ እሺ ስለው እንኳ «ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ እሺ ያልሽው?» ብሎኛል። ያን ጊዜ መሸሽ ነበረብኝ፣ ሳቄ አላስኬደኝም።

ለሞተር ግን ይህ ጠባዩ ሲሳይ ነው። ሌላው መካኒክ «ካንዴላው አዲስ ነው» ሲባል ያልፈዋል፤ የእኔው ጉድ አዲሱንም ነቅሎ ብርሃን ላይ ያየዋል። ባለመኪናው የሚለውን አይቀበልም፣ ሞተሩ የሚለውንም ወዲያው አያምንም። በዚህ ምክንያት ሌላ ቦታ አልድን ያለ መኪና ሁሉ መጨረሻው እሱ ጋ ነው። ችግሩ ሰውንም እንደ ሞተር ፈታቶ ማየት መፈለጉ ነው።

«የሰው መኪና ስጠግን ሸበትኩ፣ አንዲት የኔ የምላት ትኑረኝ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ቀን ከሰው ግቢ ጥግ፣ ጆንያ ለብሳ የከረመች ባለ ሁለት በር አሮጌ መኪና አስጎትቶ መጣ። ከተገለበጠ መኪና ላይ ደግሞ ቱርቦ ያለው ጉልበተኛ ሞተር አገኘ። ትንሿ መኪና ትልቁን ሞተር እንድትችለው ፊቷን ቆርጦ አሰፋ፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ብረት እንደገና በየደ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጠ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ዳገት ላይ በየዓመቱ የመኪና የሽቅብ ውድድር አለ። ሐሳቡ እዚያ እንድትሮጥለት ነው።

የሚነዳት ታናሽ ወንድሙ ነው። ቀጮ እንለዋለን፣ ከጎን ሲያዩት ስለሚጠፋ። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ እኛው ጋ ነው የኖረው። እኔ ስመጣ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ነበር፣ አሁን ጢም አውጥቷል። ባሌ አሳድጎታል፣ መሪ አስይዞታል፣ ሙያ አስተምሮታል። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ካለ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ባሌ በዓለም ላይ ሳይፈትሽ የሚያምነው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። እኔን እንኳ አልቆጥርም።

የመኪናዋ የመጀመሪያ ሕመም እውነተኛ ነበር። መኪናዋ በተነሳች ሰሞን ሞተሩ ይስል ጀመር። ባሌ የቤንዚኑን ፊልትሮ ፈትቶ ነጭ ሳህን ላይ ሲደፋው የውሃ ጠብታ ተገኘ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራልን፣ ሽቦ የምንለው ወዳጃችን፣ ሳህኑን አየና ሳቀ።

«ታንኩ ስንት ዘመን ባዶውን ከረመ፣ ውስጡ አልቦት ዝጎ ነው። አጥበህ አድርቀው፣ ያልቃል።»

«ውሃ እግር የለውም» አለ ባሌ። «ሰው ነው ያስገባው።»

«ማን?»

ባሌ አገጩን ወደ መንገዱ ማዶ አነሳ። ማዶ ሌላ ጋራዥ አለ፤ ባለቤቱ በዚያው ውድድር ላይ መኪና የሚያሰልፍ ሰው ነው። ሰላም ሲለን ባርኔጣውን ያነሳል። ባሌ ባርኔጣ የሚያነሳ ሰው ከሥሩ ምን እንደያዘ አይታወቅም ባይ ነው።

ታንኩ ታጠበ፣ ደረቀ፣ አዲስ ቤንዚን ተሞላ። በዚያው ሳምንት ከፀጉር ቤቴ መደርደሪያ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለሜ ጠፋ። ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ጠፋ። ቀጥሎ የባሌን ሸሚዝ ላጥብ ሳነሳ እጅጌው ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። ከባሌ ጋር ስኖር የእሱ በሽታ ተጋብቶብኝ ኖሯል፣ ደሜ ፈላ። ሸሚዙን አንጠልጥዬ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ።

«የማን ጥፍር ነው ይሄ?»

ቀና ብሎ አየኝና በመደንገጥ ፋንታ ደስ አለው። «ነይ ላሳይሽ» ብሎ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰደኝ። ኮፈኑን ሲከፍተው ሞተሩ ፈንጣጣ የያዘው ይመስል ነበር። በየቡሎኑ ራስ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ከነጥቡ ወደ ብረቱ የወረደች ቀጭን ቀይ መስመር።

«ማኅተም ነው። ሰው ቡሎኑን ካዞረው መስመሩ ይሰበራል» አለ። «አሁን የሚነካኝን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ወስዶ የነዳጁን ክዳን አሳየኝ። ክዳኑን ከጎን ዙሪያውን፣ ከላይም ፊቱን በሙሉ ደራርቦ ቀብቶታል። ማታ ቀብቶ ይሄዳል፣ ጠዋት ቀለሙ ተሰንጥቆ እንደሆነ ያያል። ጥፍር ለማሳመር የመጣች ሙሽራ እንኳ ያን ያህል አታስቀባም።

«ይሄ ሁሉ ለማዶው ሰውዬ ነው?» አልኩት።

«ለማንም» አለ። ይህች «ለማንም» የምትለው ቃል ያን ቀን አላሳሰበችኝም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ እንደ ሰዓት ትሠራለች። ከተማ ውስጥ ቀጮ ሲነዳት ምንም የለባትም። ወደ ዳገቱ አውጥቶ ቤንዚን ረገጥ ሲያደርግላት ግን ድልድዩን አልፋ ትንሽ እንደተጓዘች ትንፋሽ ያጥራታል፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ቀጮ ይደውላል። ባሌ በወዳጃችን በሽቦ መኪና ይደርሳል። መጀመሪያ የሚያደርገው የነዳጁን ክዳን ማየት ነው። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። በካራ ፍቆ ሲከፍተው «ፍሽሽ» ይላል። በዚህ ድምፅ ይኩራራ ነበር።

«ሰማህ? አየር እንኳ አልገባበትም። ከዚህ በኩል ማንም አልነካኝም።»

ቤንዚኑን ያሸታል፣ ቀድቶ በብርሃን ያየዋል፣ ውሃ የለም። ክዳኑን ይመልሳል፣ ገብቶ ቁልፍ ያዞራል፣ መኪናዋ ወዲያው ትነሳለች። ራሱ እየነዳ ቁልቁል እያንደረደራት ጋራዥ ያስገባታል። ከዚያ እንደገና ይቀባል።

ካንዴላዎቹን ለወጠ። ሞተሩ ሲግል እሳት የሚያሳጣ ዕቃ ይኖራል ብሎ እሳት የሚሰጡትን ሁሉ ቀየረ። ያው ነው። የቤንዚን መርጫዎቹን አውጥቶ አጠበ፣ ፓምፑን ፈትቶ ገጠመ፣ ያው ነው። የቶርኖ ቤቱን ሰውዬ «ምን አድርገህብኝ ነው?» ብሎ ደጁ ድረስ ሄዶ ተጣላ። ሽቦ የዘረጋውን የኤሌክትሪክ መስመር ደጋግሞ ፈታበት። ሽቦ በመጨረሻ ካቻቢቴውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ወንድሜ፣ እኔን ከፈለግህ እኔን ፍታኝ፣ መስመሬን ተወው» አለና እሱም ሳምንት ያህል ደጃችንን ሳይረግጥ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ባሌ ማታ ማታ ሠራተኞቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ ቦርሳ ማስከፈት ጀመረ። አንድ መፍቻ ቁልፍ ጠፍቷል ነው ምክንያቱ። ቁልፉ ከወንበር ሥር ተገኘ፣ ፍተሻው ግን አልቀረም። ቀጮ መጀመሪያ ቀን ሊያልፍ ሲል ባሌ «አንተም» አለው። ቀጮ ስቆ ቦርሳውን ከፈተ፣ ሸሚዙን አውጥቶ አራግፎ አሳየው፣ ከዚያ ጫማውንም ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ሁላችንም ሳቅን። ባሌ አልሳቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ቀጮም በየማታው ይከፍታል፣ ቀልዱ ግን እየቀነሰ ሄደ።

የባሌ ሒሳብ ገባኝ። እሱ ሲነዳ መኪናዋ ትሠራለች። ቀጮ ሲነዳ ትሞታለች። ቡሎን አልተነካም፣ ቤንዚን አልተነካም። ታዲያ ማን ቀረ? ሌሊት ሲገላበጥ እሰማዋለሁ፣ ምን ሆንክ ስለው «ምንም» ይላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ «ቀጮ ትናንት ማዶ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«የት ማዶ?»

«ሰውየው ጋ ተቀምጦ ሲያወራ አይቼዋለሁ። ሲስቁም ነበር።»

«ሰው አይስቅም እንዴ?» አልኩት። ግን ፈራሁ። ለመኪናዋ አይደለም የፈራሁት። ባሌ ይህን ልጅ አንዴ በአፉ ከከሰሰው ቃሉ ተመልሶ እንደማይገባ ስለማውቅ ነው።

በዚያው ቀን ማታ ደንበኛዬን ሸኝቼ ስወጣ ሁለቱም በሩ ላይ ነበሩ። የቀጮ ቦርሳ ተከፍቷል። ባሌ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በእጁ ይዟል፣ ሲገልጠው የነዳጅ ፓምፕ ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማዶው ሰውዬ ነው፣ ጋሼ። ፓምፑ ሳይደክም አይቀርም ብለህ አልነበር? ለሙከራ ብዬ ለምኜ ነው ያመጣሁት። አንተ እሱ በር ስለማትረግጥ ነው ያልነገርኩህ። ነገ ጠዋት ቀድሜህ ገብቼ ልገጥመው ነበር።»

«ቀድመኸኝ ገብተህ» አለ ባሌ። «ስንት ጊዜ ነው ቀድመኸኝ ገብተህ የፈታህ የገጠምከው?»

ቀጮ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ እኔም ያንኑ የማስብ እንደሆነ ሊያውቅ ይመስለኛል። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» ብዬ ጮኽኩበት፣ ባሌ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም።

«እኔ ስነዳት ለምን ትሠራለች? ንገረኝ።»

«አላውቅም።»

«ታውቃለህ።»

ቀጮ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አንድ አሮጌ ባትሪ ላይ አስቀመጠ። «ፓምፑን መልስለት፣ የሰው ዕቃ ነው» አለና ወጣ። ያን ማታ ታላቅ እህታቸው ቤት አደረ። በማግስቱም አልመጣም።

ቤቱ ቀዘቀዘ። በሩ ሥር የሚያስቀምጠው ነጠላ ጫማው እንዳለ ነው፣ አላነሳሁትም። ባሌ እየዘለለው ይገባል፣ እየዘለለው ይወጣል። እኔ አኮረፍኩ፤ ሲናገረኝ በአጭሩ እመልሳለሁ። አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳስቀምጥለት ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እኔን የምትፈትሸኝ መቼ ነው? ተራዬን ንገረኝና ልዘጋጅ።»

«ዛሬ ይለያል» አለ። «ቀጮ የለም። መኪናዋን አወጣታለሁ። ዳገቱን ከወጣች እሱ ነበር ማለት ነው።»

«ካልወጣችስ?»

ቁልፉን አንስቶ ተነሳ። እኔም ፀጉር ቤቱን ዘግቼ «አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። በዓይኔ ሳላይ የሚነግረኝን ልቀበል አላሰብኩም።

ክዳኑን አላየውም። ሁልጊዜ ሳይነሳ የሚያደርገውን ነገር ያን ቀን አላደረገም፣ የሚጠረጥረው ሰው ስለሌለ። ከመቀመጫው በስተቀር ውስጧ ባዶ ብረት ነው፣ ድምፁ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከተማውን ወጥተን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ማርሽ ቀንሶ ረገጠ። ቱርቦው ጮኸ፣ ጀርባዬ መቀመጫው ላይ ተጣበቀ። ምን ልበላችሁ፣ እንዲያ የምትሮጥ መኪና ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የባሌን ፊት ሰረቅ አድርጌ አየሁት። እያበራ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ተሰምቶ የማይታወቅ ጸሎት የጸለይኩት። እባክህ አምላኬ፣ ይህችን መኪና አሁን ግደላት።

ድልድዩን አለፍን። ትንሽ ሄድን። ሳለች። እንደገና ሳለች፣ ተንገጫገጨችና ጠፋች።

ጥጉን ይዞ ቆመ። ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ።

«አንቺ የነካሽው ነገር የለም?»

«ይኸው እጄ» አልኩት። ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። የምለው ስለጠፋኝ ሳቄ መጣ፣ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ዕንባ ሄደብኝ።

ወርዶ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄደ። ቀለሙን ፍቆ ክዳኑን ከፈተ። «ፍሽሽሽ» አለ፣ ረጅም ነው፣ እኔ ከፊት ሆኜ ሰማሁት። መልሶ ዘጋው። ቁልፍ አዞረ፣ ተነሳች። ወደ ላይ ቀጠልን፣ እንደ ቅድሙ ሮጠች፣ እንደ ቅድሙ ሞተች። ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ «ፍሽሽ»። አሁን ግን ክዳኑን አልመለሰም። በእጁ ይዞት ቆመ። ገልብጦ አየው፣ መልሶ አቀናው፣ በአውራ ጣቱ መሀሉን ዳሰሰው።

«የፀጉር መርፌ አለሽ?»

ከራሴ ነቅዬ ሰጠሁት። ክዳኑ መሀል ላይ የደረቀውን ቀይ ቀለም ወጋው። ቀለሙ ፍርፍር ብሎ ወደቀና ከሥሩ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል ቀዳዳ ወጣች። በስተኋላ ሲያስረዳኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከታንክ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፣ የምትገባውም በዚያች ቀዳዳ ነው። ካልገባ ታንኩ ቤንዚኑን ጨምድዶ ይይዘዋል። የሻምፑ ጠርሙስ ተጨምቆ አፉ ሲደፈን ወደ ውስጥ ሰርጉዶ እንደሚቀረው ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ትንሽ ስለምትጠጣ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ያ ጉልበተኛ ሞተር ሲምገው ታንኩ ይታነቃል። እሱ ደግሞ ሌባ ፍለጋ ክዳኑን በከፈተ ቁጥር አየር ያስገባላታል፣ ትድናለች፣ ራሱ ይነዳታል፣ «ከእኔ ጋር ትሠራለች» ይላል። ከዚያ መልሶ ያፍናታል።

ትናንት የገባ መካኒክ የሚያውቀው ነገር ነው። እሱ ግን ቀለሙን ሲቀባ የሚታየው ሌባው እንጂ ክዳኑ አልነበረም።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። የምሰድበው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሳየው አንጀቴን በላው፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያው ቀጥታ እህታቸው ቤት ሄድን። ታላቅ እህቱ በር ከፍታ «ምን ልትፈትሽ መጣህ?» አለችው። ቀጮ ጓሮ ሆኖ ጫማውን ይቦርሻል። ባሌ አጠገቡ ሄዶ ክዳኑን ከነመርፌው እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

«አፍኛት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ቀጮ ክዳኑን አንስቶ ቀዳዳዋን አየ። ሙያ ስለሚያውቅ ማብራሪያ አላስፈለገውም። «ቆመችብህ?» አለ።

«ቆመችብኝ።»

«የት ጋ?»

«ድልድዩን አልፈን።»

«እኔም እዚያ ጋ ነበር» አለ ቀጮ። «ነግሬህ ነበር።»

«ነግረኸኝ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ባሌ ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ «ለነገሩ ቀለሙ የእትዬ ነው፣ እሷም ተባባሪ ናት» አለ። ሳቅን፣ እህታቸውም ሳቀች። ልቤ ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ። ያን ቀን አብሮን ወደ ቤት ገባ፣ ነጠላ ጫማውን አደረገ፣ እራቱን በላ።

በማግስቱ ባሌ በቲነር ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ጠረገው፣ አንድ ቀይ ነጥብ አልቀረም። ሽቦን ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። የማዶውን ሰውዬ ፓምፕ ራሱ መንገድ ተሻግሮ መለሰ፤ ሰውየው ባርኔጣውን አነሳለት፣ ባሌም እጁን ሰጠው። ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ፍተሻ የለም» አለ። ቀጮ መኪናዋን ዳገቱ ጫፍ አድርሶ ተመለሰ፣ አንዴም አላሳለችም። እኔ ግድግዳውን አንኳኩቼ «አሁንስ በማን እንደምንስቅ ልንገርህ?» አልኩት። ዓለም ነበር።

ማታ ዘግተን ስንወጣ ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ አለፉ። ባሌ በሩን ይዞ ቆሟል፣ እኔም አጠገቡ ነኝ። ቀጮ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት አስቀመጠ፣ ዚፑን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሸሚዙን አወጣ፣ ፎጣውን አወጣ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ አሳየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠበቀ። እየቀለደ እንዲሆን ፈልጌ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም ነበር። ተናድዶም አይደለም።

«ቀጮ፣ ተው» አለ ባሌ።

«ውይ» አለ ቀጮ። ዕቃውን መልሶ መክተት ጀመረ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጋሼ።»

ዚፑን ዘግቶ ቀድሞን ወጣ። በማግስቱም ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ባሌ ማታ ማታ ቀድሞ ይወጣል፣ ጋራዡን የምዘጋው እኔ ነኝ።